የቤንዚን ትነት በጀልባ ሆድ ውስጥ፦ ሕጉ ከፋይ ተሳፋሪን ሲጠብቅ ቤተሰብን ለምን ለማስጠንቀቂያ ወረቀት ተወ?

ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ ሜይ 26፣ 2025፣ አሜሪካውያን የሜሞሪያል ዴይ በዓልን በሚያከብሩበት ዕለት በፍሎሪዳ ግዛት ፎርት ላውደርዴል ከተማ አንዲት የመዝናኛ ጀልባ ፈነዳች። ጀልባዋ መልሕቋን ጥላ ቆማ ነበር። ፍንዳታው የደረሰው ሞተሯ እንደገና ሲነሣ ነው። ሕፃናትን ጨምሮ ቢያንስ 11 ሰዎች ተጎድተው ሆስፒታል ገቡ።

እንዲህ ያለው አደጋ ማዕበል አያስፈልገውም። ግጭትም ሆነ ፍጥነት አያስፈልገውም። ከሞተሩ ሽፋን ሥር የተጠራቀመ የቤንዚን ትነትና አንዲት የኤሌክትሪክ ፍንጣሪ ብቻ ይበቁታል።

የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ በየዓመቱ በሚያወጣው አኃዝ መሠረት በ2023 በመዝናኛ ጀልባ አደጋዎች 564 ሰዎች ሞተዋል፤ በ2024 ደግሞ 556። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከሟቾቹ አብዛኞቹ የሰጠሙ ናቸው፤ ከሰጠሙትም የሚበዙት የሕይወት አድን ጃኬት አልለበሱም ነበር። ከቁጥር አንጻር የነዳጅ ፍንዳታ ከመስጠም ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ልዩነቱ በሌላ በኩል ነው። የሚሰጥም ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ጀልባ ሲፈነዳ ግን በላዩ ላይ ያሉት ሁሉ፣ ከኋላ መቀመጫው ላይ፣ ማለትም ከሞተሩ ሽፋን በላይ የተቀመጡት ልጆች ጭምር፣ በአንድ ቅጽበት የአደጋው ሰለባ ይሆናሉ። ከአደጋው የሚተርፉትም ከባድ ቃጠሎ ይዘው ነው።

ሌላም የሚያስቆጭ ነገር አለ። ይህን ትነት ከመፈንዳቱ በፊት የሚለይ መሣሪያ ከተሠራ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ዋጋውም ከጀልባው ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። የአሜሪካ ሕግ ግን መሣሪያውን ለአንዱ ጀልባ ግዴታ አድርጎ ለሌላው ትቶታል።

ከብሌንደን ታውንሺፕ እስከ አለም ክሪክ

ብሌንደን ታውንሺፕ ከኦሃዮ ዋና ከተማ ከኮለምበስ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ከዌስተርቪል ከተማ ጋር ተጎራብታ የምትገኝ ናት። ክሊቭላንድ አቬኑን እና መንገድ 161ን ተከትሎ የኢትዮጵያውያንና የሶማሊያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች የበዙበት የከተማዋ ክፍል ከዚያ ሩቅ አይደለም። ከታውንሺፗ ጥግ ደግሞ የሁቨር ግድብ አለ። ብዙ ሰው ስሙን ሲሰማ በኔቫዳና በአሪዞና ድንበር ላይ ያለውና በፕሬዚዳንቱ ስም የተሰየመው ታላቁ ግድብ ይመስለዋል። የኮለምበሱ ሁቨር የተሰየመው ለከተማዋ የውኃ አገልግሎት በሠሩት በሁለቱ ወንድማማቾች፣ በቻርልስ እና በክላረንስ ሁቨር ነው። ግድቡ በ1955 የተመረቀ ሲሆን ከኮለምበስ የመጠጥ ውኃ ምንጮች አንዱ ነው።

የመጠጥ ውኃ በመሆኑም በሐይቁ ላይ ከ10 የፈረስ ጉልበት በላይ የሆነ ሞተር ማሠራት አይፈቀድም። ይህ ገደብ ሳይታሰብ ከፍንዳታ አደጋም ይከላከላል። በዚህ መጠን ያለው ሞተር ከጀልባው ኋላ ተንጠልጥሎ የሚሠራ ነው፤ ዙሪያውን አየር ያገኘዋል፤ ጠብታ ቢያፈስ ወደ ውጭ ነው። የሚዘጋ የሞተር ክፍል የሚባል ነገር የለውም።

ነገሩ የሚለወጠው ቤተሰቡ "ሁቨር ጠበበን" ሲል ነው። በስተሰሜን በደላዌር ካውንቲ የሚገኘው የአለም ክሪክ ሐይቅ የሞተር ጉልበት ገደብ የለበትም። የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነድቶ ኤሪ ሐይቅ ለሚደርስም እንደዚያው። ለእነዚህ ውኃዎች የሚገዛው ጀልባ ብዙ ጊዜ ያገለገለ ነው፤ የፋይበርግላስ አካል 30 እና 40 ዓመት ስለሚቆይ፣ የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ ጀልባዎች ዛሬም በርካሽ ይሸጣሉ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ የቤንዚን ሞተራቸው ከኋላ የተንጠለጠለ ሳይሆን በጀልባው ሆድ ውስጥ፣ በሽፋን ሥር የተቀመጠ ነው።

የኦሃዮ ሕግ ከ10 የፈረስ ጉልበት በላይ የሆነ ጀልባ ለሚነዳ ሰው የጀልባ ደኅንነት ትምህርት ማለፍን ግዴታ ያደርጋል። ግዴታው ግን ከጃንዋሪ 1፣ 1982 ወዲህ የተወለዱትን ብቻ ይመለከታል። ሕጉ ሲወጣ ታላላቆቹ ልምድ አላቸው ከሚል እሳቤ የመነጨ ይመስላል። በሚኒሶታ ወይም በኦሃዮ ሐይቅ ዳር ላደገ ሰው ይህ ሊሠራ ይችላል። በ40 ዓመቱ ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር መጥቶ፣ ልጆቹ ሲያድጉ በ50ዎቹ ዕድሜው የመጀመሪያ ጀልባውን የሚገዛ አባት ግን ከትምህርቱ ነጻ የሚሆነው በልምዱ ሳይሆን በልደት ቀኑ ነው።

የአንድ ሲኒ ሒሳብ

ቤንዚን ራሱ አይፈነዳም፤ የሚፈነዳው ትነቱ ከአየር ጋር በተወሰነ መጠን ሲቀላቀል ነው። በአየር ውስጥ ያለው ትነት ከ1.4 በመቶ በታች ከሆነ ለመቀጣጠል ይሳሳል፤ ከ7.6 በመቶ በላይ ከሆነ ደግሞ ኦክስጅን ያንሰዋል። አደጋው ያለው በሁለቱ መካከል ነው። ናፍጣ እንዲህ አይደለም፤ ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት ለመስጠት ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መሞቅ አለበት። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። "ዛሬ ብርድ ስለሆነ አይተንም" የሚለው ግምት እዚህ ላይ አይሠራም።

መጠኑን ለመረዳት የቡና ሲኒ በቂ ነው። አንድ ሲኒ የማይሞላ፣ 75 ሚሊ ሊትር ያህል ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ቢተን፣ ወደ 1 ሜትር ኩብ የሚጠጋ አየርን ሊፈነዳ ወደሚችልበት ዝቅተኛ መጠን ያደርሰዋል። የአንድ አነስተኛ ጀልባ የሞተር ክፍል ስፋት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ያንን ሲኒ ለመሙላት ደግሞ የተሰበረ ታንክ አያስፈልግም፤ የላላ የጎማ ማሰሪያ ወይም ሲሞላ የሚያፈስ ካርቡሬተር በአንድ ሌሊት ይሞላዋል።

መኪናስ ቤንዚን ይዞ ሲሄድ ለምን እንዲህ አይፈራም? የቤንዚን ትነት ከአየር ከ3 እስከ 4 እጥፍ ይከብዳል፤ ወደ ታች ይወርዳል። የመኪና ሞተር ከሥሩ ክፍት ስለሆነ ትነቱ መሬት ላይ ወርዶ ይበተናል። የጀልባ አካል ግን ውኃ እንዳያስገባ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ውኃ የማያስገባው ድስት ትነትም አያስወጣም። ትነቱ ከሞተሩ ሥር፣ ዝቃጭ ውኃ በሚጠራቀምበት የጀልባው ወለል ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። ከላይ የተቀመጠው ሰው ነፋሱን እንጂ እርሱን አያሸትም።

በጣም አስጊው ሰዓት ነዳጅ ከተሞላ በኋላ ያለው ነው። ታንኩ ሲሞላ፣ በባዶው ቦታ የነበረው በትነት የታመቀ አየር በመተንፈሻው በኩል ተገፍቶ ይወጣል፤ ጥቂቱም ወደ ጀልባው ውስጥ ይገባል። ሾፌሩ ሒሳብ ከፍሎ፣ ልጆቹን አሳፍሮ፣ ቁልፉን ያዞራል። ቁልፉ ሲዞር የመጀመሪያዋን ፍንጣሪ የሚሰጠው ሞተሪኖው ነው።

4 ደቂቃ እና 30 ሴኮንድ

የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ለዚህ አደጋ የሰጠው ዋና መልስ ማራገቢያ ነው። ከጁላይ 31፣ 1980 በኋላ የተሠራ፣ በውስጡ የቤንዚን ሞተር ያለው ጀልባ ሁሉ የሞተሩን ክፍል አየር ጠርጎ የሚያስወጣ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ሊኖረው ይገባል። ከዚያ በፊት ለተሠሩት ግን በራሱ የሚነፍስ አየር የሚያስገቡና የሚያስወጡ ቱቦዎች ይበቃሉ። ከሞተር ማስነሻው አጠገብም የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ መለጠፍ አለበት። ጽሑፉ የቤንዚን ትነት ሊፈነዳ እንደሚችል ይናገራል፤ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ማራገቢያው ለ4 ደቂቃ እንዲሠራ፣ ከዚያም የሞተሩ ክፍል ወለል ትነት እንዳለበት እንዲታይ ያዝዛል።

"ይታይ" የተባለው በምን? በተግባር በአፍንጫ ነው። ሽፋኑ ተከፍቶ፣ ጎንበስ ተብሎ ይሸተታል። ይህ የዋህነት አይደለም። የሰው አፍንጫ ቤንዚንን የሚለየው ለመፈንዳት ከሚበቃው መጠን እጅግ ባነሰ፣ በሺህዎች እጥፍ ባነሰ ደረጃ ነው፤ ከብዙ መሣሪያ ይሻላል። ችግሩ አፍንጫው የት እንዳለ ነው። ሽፋኑ ካልተነሣ አይሠራም፤ በነዳጅ ማደያ ለ10 ደቂቃ የቆመ ሰው ደግሞ ሽታውን ለምዶታል። ጉንፋን የያዘው ሰውም ሊሸት አይችልም።

የሚያስገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። ያው ሕግ አውጪ፣ ያው የባሕር ዳርቻ ጥበቃ፣ ተሳፋሪ አስከፍለው ለሚጭኑ አነስተኛ ጀልባዎች በጻፈው ደንብ ላይ አፍንጫን አልተማመነም። በቤንዚን የሚሠራ ሞተር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለው የተሳፋሪ ጀልባ፣ የሚቀጣጠል ትነትን የሚለይ መሣሪያ እንዲኖረው ይገደዳል። መሣሪያው ሞተሩ ከመነሣቱ ቢያንስ 30 ሴኮንድ በፊት ሥራ መጀመርና ሞተሩ እስከሚጠፋ ድረስ መቀጠል አለበት። ማንቂያው ጀልባው በሚነዳበት ቦታ በድምፅም በብርሃንም መታወቅ አለበት። የሚያሸትተው ክፍል የሚገጠምበት ቦታም ተወስኗል፤ ከሞተር ክፍሉ ዝቅተኛው ስፍራ ላይ ሆኖ የሚጠራቀመው ውኃ ከሚደርስበት ከፍ ያለ መሆን አለበት።

ስለዚህ በኤሪ ሐይቅ ላይ በቤንዚን ሞተር ለሚሠራ የጉብኝት ጀልባ ትኬት የቆረጠ እንግዳ መሣሪያ ይጠብቀዋል። ከዚያው ወደብ በአጎቱ ጀልባ የሚወጣ ልጅ ግን የሚጠብቀው የአጎቱ አፍንጫና በእንግሊዝኛ የተጻፈች አንዲት ወረቀት ናት። ትነቱ ትኬት አይጠይቅም።

ለልዩነቱ ምክንያት የለም ማለት አይደለም። የተሳፋሪ ጀልባ በየጊዜው በመርማሪ ይታያል፤ መሣሪያው መሥራቱ፣ መስተካከሉ፣ ሽቦው አለመቆረጡ ይረጋገጣል። የቤተሰብን ጀልባ ማንም በየዓመቱ ገብቶ አያየውም። የማይመረመር መሣሪያ ደግሞ ሲበላሽ ዝም ይላል፤ ዝም ያለ መሣሪያም "ሰላም ነው" እንዳለ ተቆጥሮ ባለቤቱ ሽፋኑን ማንሣት ሊተው ይችላል። ይህ ጠንካራ ክርክር ነው። ነገር ግን ያው ክርክር በማራገቢያውም ላይ ይነሣል። የማራገቢያው ድምፅ ስለተሰማ ብቻ አየር እየወጣ ነው ማለት አይደለም። በክረምቱ ወራት አይጥ ቱቦው ውስጥ ጎጆ ሠርታ፣ ወይም ቱቦው ከማራገቢያው ተላቅቆ ወድቆ ከሆነ፣ የሚሰማው ድምፅ ባዶ ነው። ሕጉ ማራገቢያውን ሲያዝ ባለቤቱ ይንከባከበዋል ብሎ አምኗል። በትነት ጠቋሚው ላይ ያንን እምነት የነፈገበት ምክንያት አጥጋቢ አይመስልም።

መሣሪያው ምን ያውቃል፣ ምን አያውቅም?

ለጀልባ የሚሠሩት ትነት ጠቋሚዎች በሁለት ዋና ዋና ዘዴዎች ይሠራሉ። አንደኛው በውስጡ የጋለች ጥቃቅን እንክብል አለው፤ ትነት ሲነካት በላይዋ ላይ ይቃጠልና ሙቀቷ ይጨምራል፣ የኤሌክትሪክ መቋቋሟም ይለወጣል። ሁለተኛው ትነት ሲያገኘው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ የሚለወጥ የብረት ኦክሳይድ ይጠቀማል። ብዙዎቹ የሚጮኹት ትነቱ ለመፈንዳት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ መጠን አንድ አምስተኛ ሲደርስ፣ ማለትም ከአየሩ 0.28 በመቶ ገደማ ሲሆን ነው። ይህ ለመውረድና ለመሸሽ ጊዜ ይሰጣል። ዋጋቸው እንደየዓይነታቸው ከ100 እስከ 300 ዶላር አካባቢ ነው፤ አንድ ቅዳሜና እሑድ ለነዳጅ ከሚወጣው ብዙ አይበልጥም።

ድክመቶችም አሉባቸው። ውኃ ውስጥ የገባ ጠቋሚ ይበላሻል። የመስኮት ማሸጊያ ሲሊኮንና አንዳንድ የማጽጃ ፈሳሾች እንክብሏን ይመርዟታል፤ ከዚያ በኋላ መብራቱ አረንጓዴ ቢሆንም አታሸትም። ዕድሜያቸውም የተወሰነ ነው። ከሁሉም በላይ ግን የሚያሸንፋቸው ሰው ነው። በቀለም ሽታ ወይም በባትሪ ጋዝ ሁለት ሦስት ጊዜ ያለ ምክንያት የጮኸን መሣሪያ ባለቤቱ ሽቦውን ነቅሎ ያርፋል። ያገለገለ ጀልባ የሚገዛ ሰው በመሪው አጠገብ የትነት ጠቋሚ ሰሌዳ ቢያይ እንኳ ከበስተኋላው ሽቦ መኖሩን ማየት አለበት።

የመኪና መካኒክ ወጥመድ

በኮለምበስ እንደ ሌሎቹ የአሜሪካ ከተሞች ሁሉ መኪናውን ራሱ የሚጠግን ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። ጀልባ ሲገዛም "ያው ሞተር ነው" ብሎ ይጀምራል። እውነትም በብዙ ጀልባዎች ሆድ ውስጥ የሚገኙት የመርክሩዘር ሞተሮች መነሻቸው የሸቭሮሌት የመኪና ሞተር ነው። ሞተሪኖው፣ አልተርኔተሩ፣ ዲስትሪቢዩተሩ ከመኪናው ጋር በመልክ አንድ ናቸው፤ ቡሎኑም ይገጥማል። የመኪናው ደግሞ ይረክሳል።

ልዩነቱ በዓይን አይታይም። ለጀልባ የሚሠሩት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች በውስጣቸው የሚፈጠረው ፍንጣሪ ወጥቶ ዙሪያው ያለውን ትነት እንዳያቀጣጥል ታሽገውና ተፈትነው የሚሸጡ ናቸው። የመኪናው ሞተሪኖ ይህ መከላከያ የለውም፤ ለመኪናም አያስፈልገውም። በጀልባ ላይ ሲገጠም ግን ሞተሩ ይነሣል፣ ለወራትም ለዓመታትም ይሠራል፤ ትነትና እርሱ አንድ ቀን እስኪገናኙ ድረስ። ካርቡሬተሩ ላይ የሚቀመጠው የእሳት መከላከያም እንዲሁ ነው። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲተኩስ ነበልባሉን የሚይዘው ይህ ክፍል ከኤፕሪል 1940 ጀምሮ በተገጠሙ የቤንዚን ሞተሮች ላይ ግዴታ ነው፤ በመኪና አየር ማጣሪያ መተካት የለበትም።

የነዳጅ ጎማም ሌላው ጉዳይ ነው። ለሞተር ክፍል የተፈቀደው ጎማ በላዩ ላይ የባሕር ዳርቻ ጥበቃው ዓይነት ምልክት፣ ለምሳሌ "ኤ1-15" የሚል፣ ታትሞበታል፤ በእሳት ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ ነው። ዛሬ በማደያዎች የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛው 10 በመቶ ኢታኖል የተቀላቀለበት በመሆኑ፣ ከዚያ ዘመን በፊት የተገጠመ ያረጀ ጎማ ሊደርቅና ሊሰነጠቅ ይችላል። 15 በመቶ ኢታኖል ያለበትን ቤንዚን ደግሞ በጀልባ ሞተር መጠቀም በሕግ የተከለከለ ነው፤ በማደያው መቅጃ ላይ ግን ከሌላው አጠገብ ተሰልፎ፣ አንዳንዴም ረክሶ ይገኛል።

ጀሪካኑ ያለበት ጀልባ

የቤንዚን ትነት የሚገድለው በተዘጋ የሞተር ክፍል ውስጥ ብቻ ሳይሆን ነዳጅና እሳት አንድ ጀልባ ላይ በተገናኙበት ሁሉ ነው። በጁላይ 2024 ከሄይቲ ካፕ ሄይሸን አካባቢ ተነሥታ ወደ ተርክስና ካይኮስ ደሴቶች ስታመራ የነበረች ስደተኞችን የጫነች ጀልባ በእሳት ተያይዛ ቢያንስ 40 ሰዎች ሞቱ። ተሳፋሪዎቹ መንገዳቸው እንዲቃና ሻማ ለኩሰው ነበር፤ ጀልባዋ ላይ በርሜል ቤንዚን ተጭኖ ነበር። በኤፕሪል 2025 በዴሞክራሲያዊት ኮንጎ ሪፐብሊክ ምባንዳካ አቅራቢያ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የጫነ የእንጨት ጀልባ ተቃጥሎ ሲገለበጥ ቢያንስ 148 ሰዎች መሞታቸው ተነገረ። እሳቱ የተነሣው በጀልባው ላይ ምግብ ለማብሰል ፍም ሲቀጣጠል እንደነበር፣ በአቅራቢያ የነበረው ነዳጅም እንደፈነዳ ነው የአካባቢው ባለሥልጣናት የገለጹት።

የጣና ሐይቅ ጀልባዎች ከእነዚህም ከኦሃዮዎቹም በተለየ መካከለኛ ቦታ ላይ ናቸው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ጎብኚ የሚያመላልሱት አነስተኛ ጀልባዎች በአብዛኛው ሞተራቸው ከኋላ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ የተዘጋ የሞተር ክፍል ስጋት በእነርሱ ላይ እምብዛም አይደለም። ስጋታቸው ከመቀመጫው ሥር ያለው ነው። ከሐይቁ መሐል ማደያ የለም፤ መመለሻው ነዳጅ አብሮ ይጫናል። በክልሉ በተደጋጋሚ በሚከሰተው የነዳጅ እጥረት ደግሞ ቤንዚን በተገኘ ጊዜ በጀሪካን ገዝቶ ማስቀመጥ የብዙ ሰው ልማድ ሆኗል። የውኃና የዘይት ፕላስቲክ ጀሪካን ለቤንዚን የተሠራ አይደለም፤ በፀሐይ ሲግል ይነፋል፣ ክዳኑም በደንብ አይገጥምም። ከላይ ጣሪያ፣ ከጎን ሸራ በተጋረደ ጀልባ ላይ የፈሰሰ ቤንዚን የሚሄደው ወደ ወለሉ ነው፤ ወለሉ ደግሞ ጣና ላይ ይሁን አለም ክሪክ ላይ ያው ድስት ነው።

እዚህ ላይ የሚያሳስበው የመሣሪያ እጦት አይደለም። ክፍት በሆነ ጀልባ ላይ ትነት ጠቋሚ ብዙም አይረዳም። የሚረዳው የነዳጁ ዕቃና አቀማመጥ ነው፦ ለቤንዚን የተሠራ፣ ክዳኑ የሚገጥም፣ ከተሳፋሪ የራቀ፣ ተሳፋሪ ሳይወጣ የማይቀዳ። አንድ ጀልባ ነጂ ይህን ሁሉ ያውቀዋል። የሚያሸንፈው የማደያው ሰልፍ ነው።

መርማሪው በነጻ ሲመጣ

በኦሃዮ የጀልባ ማደያዎች ሠራተኞቹ ተሳፋሪዎች ሁሉ ወርደው እንዲቆሙ ሲጠይቁ፣ ብዙ ሰው እንደ ማጉላላት ይቆጥረዋል። ምክንያቱ ግን ከላይ የተነገረው ነው። ሲሞላ መስኮቱና በሩ ይዘጋል፣ ትነት ወደ ውስጥ እንዳይገባ፤ ከተሞላ በኋላ ሁሉም ይከፈታል፤ ማራገቢያው 4 ደቂቃ ይሠራል፤ ሽፋኑ ይነሣል፤ ይሸተታል። ሞተሩ ተነሥቶ ጀልባው ከሄደ በኋላ ነው ልጆቹ ከኋላ መቀመጫ ላይ መቀመጥ ያለባቸው። ተንቀሳቃሽ ታንክ ያለው ደግሞ ታንኩን አውርዶ በወደቡ ላይ ይሞላል። ሽታ ካለ ሞተሩ አይነሣም፤ ሰው ይወርዳል፤ የሚያፈሰው ቦታ ይፈለጋል።

የእሳት ማጥፊያውም ዕድሜ አለው። ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ መሠረት ዳግም የማይሞላ ማጥፊያ ከተሠራበት ዓመት 12 ዓመት ካለፈው በጀልባ ላይ አይቆጠርም። ያገለገለ ጀልባ ሲገዛ አብሮ የሚሰጠው ቀይ ማጥፊያ ብዙ ጊዜ ከዚህ ያረጀ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ከታችኛው ሥሩ ላይ ታትሞ ይገኛል።

ከሕግ ጋር መገናኘትን የሚፈራ አዲስ የጀልባ ባለቤት የማያውቀው አንድ አገልግሎት አለ። የባሕር ዳርቻ ጥበቃው ረዳት በጎ ፈቃደኞች ለጠየቀ ሰው ሁሉ ጀልባውን በነጻ ይመረምራሉ። ጉድለት ቢያገኙ ቅጣት አይጽፉም፤ ውጤቱንም ለሕግ አስከባሪ አያስተላልፉም። የአየር ማስወጫውን፣ የካርቡሬተሩን የእሳት መከላከያ፣ ማጥፊያውን፣ የሕይወት አድን ጃኬቱን ይቆጥራሉ፤ ሁሉም ከተሟላ በጀልባው ላይ የዓመቱን ምልክት ይለጥፋሉ። የቤንዚን ትነት ጠቋሚ በግዴታ ዝርዝራቸው ውስጥ የለም።